እከክልኝ ልከክልህ፣ እንደ ፈረስ

በአገራችን ያለ ኃጢአቱ ስሙ የጠፋ አባባል ቢኖር «እከክልኝ ልከክልህ» ነው። ጉዳይ ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ባለጉዳይ ያውቀዋል። ጨረታ ተወዳድሮ የወደቀ ነጋዴም ያውቀዋል። ያንተን ወረቀት እኔ ልፈርም፣ የኔን የእህት ልጅ አንተ ቅጠር፤ ይኸው ነው ትርጉሙ። እኔ ግን ዛሬ ጠበቃ ሆኜ ልቆምለት አስቤያለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ነገሩ የሰው ከመሆኑ በፊት የፈረስ ነበር፤ ፈረስ ደግሞ ሲያክክም ሆነ ሲታከክ ጨረታ አያጭበረብርም።

ሁለት ፈረሶች ሜዳ ላይ ተለቀው ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ጠጋ ጠጋ ይሉና ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ያንዱ ራስ ወደ ሌላው ጭራ ዞሮ። ከዚያ አንገታቸውን ያሻግሩና አንዱ የሌላውን ገላ በፊት ጥርሱ ያክክለታል። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጋማው አልቆ ጀርባው የሚጀምርበት ጉብታ ነው። ፈረስ ያን ቦታ በገዛ ጥርሱ አይደርስበትም፤ በኮቴውም አይደርስበትም። የወዳጅ ጥርስ ግን ይደርስበታል። ደስ ሲለው የላይኛው ከንፈሩ ወደፊት ይረዝማል፣ ዓይኑ ከደን ይላል፣ አንገቱ ዝቅ ይላል። ደግሞ ፈረስ ካገኘው ሁሉ ጋር አይተካከክም። ወዳጁን መርጦ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎዲያ ፌህ እና ዣን ደ ማዚዬር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በመሣሪያ ለመለካት ተነሡ። ቦታው በደቡብ ፈረንሳይ ካማርግ የሚባለው ረግረጋማ አገር ነው። የሰው እጅ የወዳጅን ጥርስ ተክቶ ያን የተወደደ ጉብታ ሲያክክ የፈረሶቹን የልብ ምት ለኩ። የልብ ምታቸው ካንድ አሥረኛ በላይ ቀነሰ፤ በውርንጭሎቹ ደግሞ ከዚያም ባሰ። ሌላ ቦታ ሲታከኩ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። እንግዲህ መተካከክ ማለት እከክን ማስታገስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አንዱ የሌላውን ልብ ያሳርፋል። እኛ ይህን ወስደን ነው የሙስና ስም ያደረግነው!

የዛሬው ወጌ እንግዲህ ፈረስን ስለማሸት ነው። ገጹን ሊገለብጥ እጁን ያነሣ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። «ሰው ራሱ መች ታሽቶ ነው ለፈረስ ማሳጅ!» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገሩ የሀብታም ቅብጠት ቢሆን ኖሮ እኔም ባልደከምኩ ነበር። ግን አይደለም። ፈረስን በእጅ ማወቅ ኮርቻና እርካብ ከመሠራታቸው በፊት የነበረ እውቀት ነው። አንድ ጊዜ ጠፍቶ እንደገና የተገኘ እውቀትም ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በመጥፋት ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር፣ የኬጢያውያን ነገሥታት ኪኩሊ የሚባል የፈረስ አሠልጣኝ ነበራቸው። ሰውዬው የሚታኒ አገር ሰው ነው። ሠረገላ የሚስቡ ፈረሶች እንዴት እንደሚሠለጥኑ ያዘዘው ትእዛዝ በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ ቆይቶ፣ ሐቱሳ ከምትባለው የኬጢያውያን ዋና ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል። ሥልጠናው ከግማሽ ዓመት በላይ የሚፈጅ ነው፤ በየቀኑ ስንት እንደሚሮጡ፣ ምን ያህል ገብስ እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚታጠቡ፣ መቼ ልብስ እንደሚደረብላቸው ተቆጥሮ ተቀምጧል። እኔን የሚገርመኝ የማጠቡ ብዛት ነው። የጦር መሣሪያ ነው የሚዘጋጀው፤ ግን የመሣሪያው ገላ በሰው እጅ ስር ውሎ ያድራል።

ከዚያ ወደ ግሪክ እንለፍ። የሶቅራጥስ ተማሪ የነበረው ወታደሩ ዜኖፎን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን፣ ስለ ፈረስ ጋላቢነት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። እስከ ዛሬ ይነበባል። ውርንጭላ ሰው እንዲወድ ከተፈለገ ምን ይደረግ ብሎ ሲመክር፣ ሲነኩት ደስ የሚለውን ቦታ ንኩት ይላል። የትኛውን? ጠጉር የበዛበትን፣ እንዲሁም አንድ ነገር ሲያስቸግረው ራሱ ሊደርስበት የማይችለውን። ልብ በሉ! ካማርግ ላይ በመሣሪያ የተለካውን ነገር ሰውዬው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ በዓይኑ አይቶታል። ደግሞም በንዴት ፈረስ አጠገብ አትሂዱ ይላል፤ ንዴት የሚያሠራው ሥራ በኋላ የሚያስጸጽት ነውና።

በግዕዙ «ዜና እስክንድር» እኛም የራሳችን ያደረግነው ታላቁ እስክንድር ደግሞ አለ። ፕሉታርክ እንደተረከው፣ ቡከፋሎስ የሚባለው ፈረስ ለአባቱ ለፊልጶስ ለሽያጭ ሲቀርብ ማንንም አላስጠጋ አለ። ትልልቆቹ ፈረሰኞች ተስፋ ቆርጠው መልሱት ሲባል፣ ገና ልጅ የነበረው እስክንድር አንድ ነገር አየ፤ ፈረሱ የሚደነግጠው በገዛ ጥላው ነው። ልጓሙን ይዞ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው። ጥላው ከኋላ ቀረ። ከዚያ ወዲያው ዘሎ አልወጣም። አጠገቡ እየሄደ በእጁ ዳሰሰው፣ ዳሰሰው፣ እስኪረጋጋ ጠበቀ፤ ከዚያ ነው የወጣው። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ሁልጊዜ ዘሎ መውጣቱን ነው የሚያወሩት። እኔ ግን በጥላውና በዝላዩ መካከል ያለችውን ያቺን የመዳሰሻ ጊዜ እወዳታለሁ። ወሬው የዝላዩ ቢሆንም ሥራው የተሠራው እዚያች ላይ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን በፈረስ ጉዳይ ላይ ያለን ባህል በዓለም ብዙ አቻ ያለው አይመስለኝም። ነገሥታቶቻችንና መኳንንቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። በኦሮሞም ዘንድ ልማዱ ሥር የሰደደ ነው፤ የጅማው አባ ጅፋር ስማቸው የፈረስ ስም ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ስለ ፈረስ ስሞች የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ወጥቷል። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው እንኳ ስንት አገር ዞሯል! እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ጦራችን ቃኘው ተባለ፤ አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም እስኪዘጋ ድረስ ቃኘው ነበር። አንድ ፈረስ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ይህን ያህል ባሕር ሲሻገር አስቡት።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና አንዲት ቃል ላይ ልቆም። «አባ» ማለት አባት ነው። በሰፈራችን «የእንትና አባት» እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ አባ ታጠቅ ሲባል የታጠቅ ጌታ ብቻ አልተባለም፤ የታጠቅ አባት ነው የተባለው። ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው፣ ልጆች እያሉት፣ በፈረሱ ስም የአባትነት ማዕረግ ይወስዳል። ፎካሪውም በሠራዊት ፊት የሚጠራው በዚሁ ነው። ይህ ስለ ንብረት የሚነገር ቋንቋ አይደለም። የዝምድና ቋንቋ ነው።

ታዲያ አንድ ጥያቄ ይመጣል። አባቱ ጌታው ከሆነ እናቱ ማን ነበር?

የድሮ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ በፈረስ አይሄድም ነበር። በቅሎ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፈረሱ ሳይጫንበት ከጎን ይሳባል፤ ለጦርነት፣ ለጉግስ፣ ለክብር ቀን ይቆያል። ስለዚህ ከፈረሱ ጋር ውሎ የሚያድረው ጌታው ሊሆን አይችልም። የሚስበው፣ የሚያጠጣው፣ ገብስ የሚያቀርብለት፣ ላቡን የሚጠርግለት፣ ከኮቴው ጠጠር የሚያወጣለት አሽከሩ ነው። ፈረሱ ማታ ደክሞት ሲቆም ገላውን በእጁ ሲዳስስ የትኛው እግር እንደሞቀ፣ የትኛው የጀርባ ጎን እንዳበጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ነገ ጉግስ ይጫወታል፣ አይጫወትም ብሎ የሚናገረውም እሱ ነው። የአባት ስም ለጌታው ቀረ፤ የእናቱን ሥራ የሠራው አሽከር ስሙ የት ተጻፈ? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ስንት ፈረስ እንደዋለ እያነሣን እንኮራለን። ከፈረሱ አንድ ቀን ቀድሞ ተነሥቶ ለዚያ ውሎ ያበቃውን እጅ ግን የሚያነሣልን የለም።

ስሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ካላችሁ ምናልባት በቦታ ስሞች ላይ ተደብቆ ቀርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ባልደራስ የሚባል ሰፈር አለ፤ ባልደራስ የፈረሶች ኃላፊ ማዕረግ ነው። ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላ አለ፤ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ላይ ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ አለች። በአዊ የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን ሲመጣ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። አገሩ ራሱ በፈረስ ቋንቋ የተጻፈ ነው እኮ!

አሁን ደግሞ ወደ በርሊን ልውሰዳችሁ። ይህን ታሪክ ያልሰማችሁ ካላችሁ ትደሰታላችሁ።

ቪልሄልም ፎን ኦስተን የሚባል ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ሐንስ የሚባለውን ፈረሱን ሒሳብ አስተማርኩት አለ። ሦስት ሲደመር አራት ስንት ነው? ፈረሱ በኮቴው ሰባት ጊዜ መሬቱን ይመታና ያቆማል። ሕዝብ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ1904 የምሁራን ኮሚቴ ተቋቁሞ መረመረ፤ ማጭበርበር የለበትም ብሎ ወሰነ። ከዚያ ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነገሩን ቀስ ብሎ ፈተሸው። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም። ጠያቂው ከተጋረደም አያውቅም። ምሥጢሩ ተገኘ። ኮቴው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ የጠያቂው ራስ ሰውዬው ሳያውቀው በጣም በትንሹ ይንቀሳቀሳል፤ ፈረሱ ያችን አይቶ ያቆማል። ፕፉንግስት በ1907 ጥናቱን ሲያወጣ፣ ምሥጢሩን እያወቀ እንኳ ራሱን መግታት አልቻለም ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «እንግዲያው ፈረሱ ሒሳብ አይችልም ነበር» ብሎ ይስቃል። እኔ የምለው፣ ሒሳብ ምን ያደርግለታል? ሐንስ የቻለው ከሒሳብ የሚበልጥ ነው። የበርሊን ሊቃውንት ሁሉ ከገዛ ገላቸው ያላነበቡትን ፈረሱ አነበበው። ፈረስ ታዳኝ እንስሳ ነው። ዘሩ የተረፈው ሣር ስትንቀሳቀስ፣ ጆሮ ስትቀና፣ ትንፋሽ ሲቆም ቀድሞ በማወቅ ነው። ዝንብ ያረፈበትን ነጥብ ብቻ ለይቶ ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥ ፍጥረት፣ የእጃችሁን መጠንከር፣ የትከሻችሁን መወጠር፣ ለሥራ ቸኩላችሁ መምጣታችሁን አያውቅም ብላችሁ ነው? እኛ ፈረሱን ለማንበብ ከመጀመራችን በፊት እሱ እኛን አንብቦ ጨርሷል። ስለዚህ ማሸት የምንለው ነገር ከጥንቱም የሁለት ወገን ነው። እጅ ፈረሱን ይጠይቃል፤ ፈረሱ ደግሞ እጁን ይመረምራል።

ያ እውቀት በአውሮፓና በአሜሪካ የጠፋበት ዘመን ይታወቃል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ስምንት ሚሊዮን ያህል ፈረስ፣ በቅሎና አህያ እንደፈጀ ይገመታል። ከዚያ ትራክተሩ መጣ፣ መኪናው መጣ። ፈረሱ ከእርሻው ወጣ፤ ከሠራዊቱም ወጣ። ፈረሱ ሲወጣ ፈረሱን በእጁ የሚያውቀውም ሰው አብሮ ወጣ። የድሮ ፈረሰኛ ጦር ወታደር በየቀኑ በተጠቀለለ ድርቆሽ የፈረሱን ጡንቻ እየመታ እያሸ ያዳብር ነበር፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የአዛውንት ወሬ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ፈረስን ለስፖርትና ለመዝናኛ ሲይዝ፣ የጠፋውን ነገር አዲስ ስም አውጥቶለት እንደገና መማር ጀመረ። ጃክ ሚገር የተባለ አሜሪካዊ የሰው አትሌቶችን የሚያሽበትን ሙያ ወደ ፈረስ አሻገረው፤ ከአገሩ የኦሊምፒክ ፈረሰኞችም ጋር ሠራ። ሊንዳ ቴሊንግተን ጆንስ የምትባል ካናዳ የተወለደች ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሞሼ ፌልደንክራይስ ከሚባለው የሰውነት እንቅስቃሴ መምህር ተምራ፣ በጣት ጫፍ ክብ እየሠሩ የፈረስን ቆዳ ማንቀሳቀስን ሙያ አደረገችው። ጂም ማስተርሰን የሚባለው ደግሞ ከዚያ በኋላ መጥቶ ነገሩን ወደ ማድመጥ አዞረው። እጁን በፈረሱ አንገትና ጀርባ ላይ የአየር ያህል አቅልሎ ያሳልፋል፤ ዓይኑ ግን የፈረሱ ዓይን ላይ ነው። ፈረሱ ዓይኑን ካርገበገበ እጁን እዚያው ያቆማል። አይጫንም፤ ይጠብቃል። ጥቂት ቆይቶ ፈረሱ ይልሳል፣ ያኝካል፣ ያዛጋል፣ ራሱን ያራግፋል። የተያዘ ነገር ተለቀቀ ማለት ነው ይላሉ። መላስና ማኘክ ሁሉ እርካታ ነው ወይ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። የማያከራክረው ግን ዋናው ትምህርት ነው፤ ፈረስ የሚሸሸውን እጅ ማጠንከር ሳይሆን ማቅለል ያስፈልጋል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነው? ወጌሻ ያለበት አገር እኮ ነን! የተወለቀ አጥንት የሚመልስ፣ ቅቤ ቀብቶ የዞረ ጅማት የሚያሽ ወጌሻ በየመንደሩ ነበር፤ አሁንም አለ። የወጌሻ ጥበብ ምንድን ነው? ታማሚው «እዚህ ነው» ሳይል ጣቱ ቦታውን ያገኘዋል። ከብትም ሲወድቅ፣ ፈረስም ሲያነክስ የሚጠራው እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ ዓይኔን ያዘው። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦራ አለበት። ቆዳው ያበራል፤ ጀርባው ላይ አንድም ጠባሳ የለም። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሥራ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባለጋሪው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው።

«ወንድሜ፣ ምን እያደረግክ ነው እንዲህ የያዝከው?» አልኩት።

«ምንም አላረግም ጋሼ። ጠዋት ጠዋት እዳስሰዋለሁ።»

«እንዴት ነው የምትዳስሰው?»

እንደማፈር ብሎ አሳየኝ። መዳፉን ዘርግቶ ከጋማው ስር ጀመረ፤ በአንገቱ ወረደ፣ በትከሻው፣ ጠፍሩ በሚያርፍበት፣ በጀርባው፣ እስከ ጭራው ሥር። ከዚያ በሌላው ጎን ዞረ። እጁ አይቸኩልም። ጠፍሩ የሚያርፍበት ላይ ሲደርስ አቆመና በጣቱ ዙሪያውን አሸው።

«አፍ የለውም እንጂ ይነግረኛል እኮ» አለኝ። «እዚህ ጋ ከሸሸኝ፣ ወይ ከሞቀ፣ ያን ቀን ጠፍሩ ስር ጨርቅ እጨምራለሁ። ጭነትም እቀንሳለሁ። ዝም ብዬ ከጫንኩት በሦስተኛው ቀን ይላጣል። ከተላጠ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ስቆም ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«ማን አስተማረህ?»

«አባቴ። እሱ ወሬ አይወድም፤ እጄን ይዞ በፈረሱ ላይ አሳለፈው፣ በቃ።»

የኪኩሊን ጽላት፣ የዜኖፎንን መጽሐፍ፣ የካማርግን ጥናት በአንድ ላይ ሰብስባችሁ ብትጨምቁት ከዚህ ልጅ ንግግር ብዙ አይበልጥም። ልዩነቱ እነዚያ ተጽፈዋል፤ የሱ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ እውቀት ደግሞ አንድ እጅ ከጎደለ ይቋረጣል። የኔ ሥጋት ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ። ከአፍሪካ በፈረስ ብዛት ከቀዳሚዎቹ ነን። ግን መንገድ ወጥታችሁ እዩ። ገጣባ የሚለውን ቃል የፈጠርነው በከንቱ አይደለም፤ ጀርባው የተላጠ፣ ዝንብ የወረረው፣ ቁስሉ ላይ ዳግም የተጫነበት እንስሳ በየከተማው አለ። ክፋት ብቻ አድርገን ብናየው ግን ተሳስተናል። ብዙ ጋሪ ነጂ ፈረሱ የራሱ አይደለም። ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፤ የተረፈው ነው የሱ እንጀራ። ፈረሱ ዛሬ ቢያርፍ ጾም የሚያድረው ነጂው ነው፤ ፈረሱ ነገ ቢሞት ኪሳራው የባለንብረቱ ነው። ባለንብረቱ አይዳስሰውም፤ የሚዳስሰው ደግሞ አይወስንም። የድሮው የጌታና የአሽከር ነገር በጋሪ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በድሮው ግን አሽከሩ «ፈረሱ ዛሬ አይችልም» ሲል ጌታው ይሰማው ነበር፤ በታመመ ፈረስ ጦር ሜዳ የሚገባ ጌታ የለማ! የዛሬውን ማን ይስማው?

በዚያ ላይ ባጃጁ መንገዱን ወሰደ፣ የመኖው ዋጋ ናረ። ከዚያ የምታውቁት ይመጣል። ዕድሜ ልኩን የሳበ ፈረስ ሲያነክስ ከከተማ ዳር ይለቀቃል። አስፋልት መካከል አንገቱን ደፍቶ የቆመ ፈረስ አይታችኋል አይደል? መኪናው ጡሩምባ ይነፋበታል፤ እሱ አይነቃነቅም። የሚሄድበት የለውማ። ቀን መኪናውን፣ ማታ ጅቡን ይጠብቃል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለን የተረትነው እኛው ነን። አደረሰን፤ እኛስ የት አደረስነው?

አንዳንዱ «ታዲያ በማሸት ይህ ሁሉ ይፈታል?» ይለኛል። አይፈታም። መዳሰስ መኖን አይተካም፣ ውሃን አይተካም፣ ዕረፍትን አይተካም። የቆሰለ ፈረስ የእንስሳት ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ቁስል ላይ ማሸት ጭካኔ ነው። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስላለው ነው። ቁስል ቁስል ከመሆኑ በፊት ሙቀት ነው፤ ከሙቀት በፊት የቆዳ መሸሽ ነው። ዓይን ቁስሉን ያያል፤ ሙቀቱን ግን እጅ ነው የሚያየው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ አምስት ሳንቲምም አያስወጣም። ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ቁም። መጀመሪያ እጅህን ያሽትት። ከጋማው ሥር ጀምር፤ ወዳጁ የሚያክክለት እዚያ ነውና። በመዳፍህ ሂድ፣ አትቸኩል። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ፣ ጭራውን ካወናጨፈ፣ ቆዳው ካመለጠህ፣ መልእክት ነው፤ እጅህን አቅልለህ ጠብቅ። አንዱን ጎን ከሌላው አወዳድር። ከዚያ ለመጫን ወስን። ይኸው ነው ጠቅላላ ትምህርቱ።

ስለ ሰው ምን ያስተምረናል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ብዙ አልልም፤ ፈረስን ስለ ፈረስ ስንል ብንወደው ይበቃል። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን ይጎዳዋል። ብዙ ዓመት ልጆችን ሳስተምር ያየሁት፣ ከመጫን በፊት የሚዳስስ አስተማሪና ሳይዳስስ የሚጭን አስተማሪ ተማሪውን በሦስተኛው ቀን ይለያዩታል። አለቃም እንደዚያው፣ ወላጅም እንደዚያው። የሚሸሽህን ሰው በኃይል ከያዝከው ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ማለቱ ግን መስማማት አይደለም። ፈረስ ይህን በቆዳው ይናገራል። ሰው ደግሞ በትጋት ይደብቀዋል።

«እከክልኝ ልከክልህ»ን ለባለቤቱ እንመልስለት የምለው ለዚህ ነው። በቢሮው እከክልኝ ልከክልህ ሁለት ሰዎች ይተካከኩና የሦስተኛው ቆዳ ይላጣል። በፈረሶቹ ዘንድ የሚላጥ ሦስተኛ የለም። ያለው ወዳጅ የማይደርስበትን ቦታ ማወቅ፣ እዚያ መድረስ፣ ሲበቃው ማቆም ነው።

ምናልባት ነገ መንገድ ስትወጡ አንድ ጋሪ አጠገባችሁ ይቆም ይሆናል። ባለጋሪውን የፈረሱን ስም ጠይቁት። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ስም አላወጣለትም። ስም ያለው ሆኖ ካገኛችሁት ግን፣ ጀርባውም ደኅና ከሆነ፣ ልጁን በማዕረጉ ጥሩት። ፈረሱ ቡላ ከሆነ ስሙ፣ አባ ቡላ በሉት። ነገሥታቱ በአሽከር እጅ ተጠብቀው ያገኙትን ስም እሱ በገዛ መዳፉ አግኝቶታልና ይገባዋል።